«ቲቸር፣ ልውጣ?» መምህር ተማሪን ሽንት ቤት መከልከል ይችላል?

ትምህርቱ ጥሩ እየሄደ ነው። መምህሯ ከባዱን ነጥብ ልታስረዳ ወደ ሰሌዳው ዞራለች። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይነሳል። ጥያቄ መስሏት ደስ ይላታል። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ሁለት ልጆች ይስቃሉ። ወዲያው ሌላ እጅ ይነሳል፤ እሱም ሽንቱ መጥቷል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሰበሰበችው የልጆች ልብ በአንድ አፍታ ይበተናል።

መልሷ ቀላል ይመስላል። ወይ «ሂድ» ትላለች፣ ወይ «ቻለው፣ ሊደወል ነው» ትላለች። ከዚህች አጭር መልስ ጀርባ ግን የልጁ ጤና፣ የክፍሉ ሥርዓትና የመምህሯ ኃላፊነት አብረው አሉ። ወላጆችና መምህራን በዚህ ጉዳይ የሚጋጩት አንዱ ወገን ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ስላዩ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። መምህር የተማሪን መውጣትና መግባት ሥርዓት ማስያዝ ይችላል፣ ማስያዝም አለበት። ተራ ማስጠበቅ፣ «ይህቺን ልጨርስና ትሄዳለህ» ማለት፣ የወጣበትን ሰዓት መመዝገብ ሥራው ነው። የመጨረሻውን «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ግን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ማስተካከልና መከልከል ለየቅል ናቸው። ክርክሩ የሚጦዘው ሁለቱን ስለምናደባልቃቸው ነው።

መምህሩን እንስማው

መምህራን በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ጨካኝ ተደርገው ይሳላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ልጁ ከበሩ ሲወጣ የመምህሩ ኃላፊነት ክፍል ውስጥ አይቀርም። ልጁ ኮሪደር ላይ ቢደባደብ ወይም ከግቢ ቢጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ፈቀደለት?» የሚል ነው። አርባ ልጅ ፊቱ ተቀምጦ የወጣውን አንዱን ተከትሎ ሊሄድ አይችልም።

ፈቃዱ ለሌላ ነገር እንደሚውልም መካድ አያስፈልግም። ስልኩን ለማየት የሚወጣ አለ። ከሌላ ክፍል ጓደኛው ጋር ተቀጣጥሮ የሚወጣ አለ። ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በብዙ አገሮች ሽንት ቤቱ የማጨሻ ቦታ ሆኗል። ጣሪያ ላይ የቬፕ ጭስ የሚለይ መሣሪያ የገጠሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አሜሪካ ውስጥ በቲክቶክ አንድ መጥፎ ፋሽን ተዛምቶ ነበር። ተማሪዎች የሽንት ቤቱን ሳሙና ማስቀመጫ ነቅለው ሲወስዱና ዕቃ ሲሰብሩ ራሳቸውን እየቀረጹ ይለጥፉ ነበር። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መፍትሔ ያሉት ሽንት ቤቶቹን መዝጋት ነበር። ጥቂቶች ባጠፉት ሁሉም ተቀጣ።

ትምህርቱም አለ። ለአምስት ደቂቃ የወጣ ልጅ የስሌቱን ዋና እርምጃ ሳያይ ይመለሳል። ከዚያ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም ያመልጠዋል። ይህን ያየ መምህር ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መምህሩ ራሱም ሽንቱን ይዞ የሚውል ሰው ነው። ክፍሉን የሚጠብቅለት ስለሌለ በሥራ ቀን ውሃ መጠጣት የሚቀንስ መምህር ብዙ ነው። «እኔ እችላለሁ፣ አንተስ ለምን አትችልም?» የሚለው ስሜት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ግን የልጅ ሰውነት የአዋቂ ሰውነት አይደለም።

«ቻለው» ስንል ምን እያልን ነው?

የሽንት ፊኛ የሚለጠጥ የጡንቻ ከረጢት ነው። ኩላሊት ቀን ከሌት ሽንት ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ሲሞላ ግድግዳው ላይ ያሉ ነርቮች ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ። አንጎል ቦታውና ጊዜው ይመች እንደሆነ አይቶ «ቆይ» ወይም «እሺ» ይላል። «እሺ» ሲል የፊኛው ግድግዳ ይጨመቃል፣ መዝጊያው ጡንቻ ደግሞ ይላላል። የሁለቱ መናበብ አብሮን የተወለደ ችሎታ አይደለም። በልጅነት የምንማረው ነው፤ ስለዚህ ሊበላሽም ይችላል።

ሐኪሞች የልጅ ፊኛ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚገምቱበት ቀላል ስሌት አላቸው። የልጁ ዕድሜ ላይ 1 ይደመርና በ30 ይባዛል። የሚመጣው ቁጥር በሚሊ ሊትር ነው። ለ7 ዓመት ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ማለት ነው። የአዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እንግዲህ መምህሩ «ገና አሁን እረፍት ነበር እኮ» ሲል ሳያውቀው በራሱ ፊኛ እየለካ ነው።

ጤናማ ልጅ በቀን ከ4 እስከ 7 ጊዜ ይሸናል። በአማካይ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ መሆኑ ነው። ይህ ከደወል ጋር እንዲገጥም ማንም አላዘጋጀውም። በእረፍት ሰዓት ያልነበረ ሽንት ከእረፍት በኋላ በ20 ደቂቃ ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ ልጁ በእረፍቱ ሮጦ ውሃ ከጠጣ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ጨዋታ ሲይዛቸው የሰውነታቸውን መልእክት አይሰሙም። ሲቀመጡ ነው የሚሰማቸው። ያኔ ደግሞ ወጥሯቸዋል።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ለ10 ደቂቃ ሽንት መያዝ ጤነኛ ልጅን አይጎዳም። ማንም ወላጅ በዚህ መደንገጥ የለበትም። ችግሩ የሚመጣው መያዝ ልማድ ሲሆን ነው። በየቀኑ ሽንቱን የሚይዝ ልጅ መዝጊያው ጡንቻ ጥብቅ ብሎ መኖርን ይለምዳል። ሽንት ቤት ከተቀመጠ በኋላ እንኳ በደንብ አይላላም። ፊኛው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም። በቀረው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ የሚባለው ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በዚህ መንገድ ይመጣል። የሴቶች የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ ሴት ልጆች ይበልጥ ይጠቃሉ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ቀን ላይ ልብሱ ላይ ጠብ ማድረግ ይጀምራል። ወላጅ «ሰነፍ ሆነብኝ» ይላል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ጡንቻውና አንጎሉ መናበብ አቁመው ነው።

ማንም እጁን አውጥቶ የማይናገረው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሰገራ። ሰገራ ሲያዝ ትልቁ አንጀት ውሃውን ይመጠዋል፣ ይደርቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ ያማል። ልጁ ሕመሙን ፈርቶ እንደገና ይይዛል። እንዲህ እየዞረ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጣል፣ መሙላቱን የመለየት ስሜቱም ይደክማል። ከዚያ ፈሳሽ ሰገራ በደረቀው ዙሪያ አልፎ ልብስ ያበላሻል። ልጁ መቼ እንደወጣ እንኳ አያውቅም። ጓደኞቹ ግን ያውቃሉ፣ አይረሱምም። የተሞላው አንጀት ፊኛውንም ስለሚጫነው የሽንቱ ችግር ይብሳል። ሐኪሞች ሁለቱን አብረው የሚያክሙት ለዚህ ነው።

«ትምህርት እንዳያመልጠው ነው የከለከልኩት» ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ሙከራ ነበር። ተመራማሪዎች 8 ጤነኛ አዋቂዎችን በየ15 ደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር ውሃ እያጠጡ ሽንታቸውን እንዲይዙ አደረጉ። መያዝ ሲያቅታቸው ትኩረታቸውና የቅርብ ማስታወሳቸው በግልጽ ወረደ። የወረደበት መጠን 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው ላይ ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሙከራው ትንሽ ነው፣ የተሠራውም በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ከሚለው በላይ ልለጥጠው አልፈልግም። ግን ሽንቱ ወጥሮት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ነገሩን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። እግሩን አጣምሮ ሰዓቱን የሚቆጥር ልጅ ክፍል ውስጥ አለ ማለት እየተማረ ነው ማለት አይደለም።

ሕጉ የሚይዘው ማንን ነው?

አሁን ወደ ደንቦቹ። በጣም የተለመደው በወሰነ ትምህርት የተወሰነ ቁጥር ፈቃድ መስጠት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ካርድ። አንዳንድ መምህራን ደግሞ ላልተጠቀመበት ካርድ ቦነስ ማርክ ይሰጣሉ። ሲያዩት ደግ ይመስላል። ማንም አልተከለከለም፤ የቆየ ብቻ ነው የተሸለመው።

እኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ግን ይህኛው ነው። ማን ሽንቱን እንደሚይዝ አስቡት። ቬፕ ለማጨስ የሚወጣው ልጅ ለሁለት ማርክ ብሎ አይቀርም። ካርዱን ይጨርሳል፣ ከዚያ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ሽንቷን የምትይዘው ማርክ የሚያስጨንቃት ጎበዝ ተማሪ ናት። ደንብ የሚያከብረው ዝምተኛ ልጅ ነው። ደንቡ የወጣው ለአጥፊው ነበር፤ የያዘው ግን ጨዋውን ነው። ማርክ ደግሞ የሚለካው እውቀትን ነው ብለናል። በኩላሊት ችግር ምክንያት አምስት ጊዜ የወጣ ልጅ ሒሳብ አያውቅም ማለት አይደለም።

ስለ ሴት ተማሪዎችም ቁጥር እንቁጠር። የወር አበባ በየወሩ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ብዙ በሚፈስበት ቀን ሞዴስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። በወሰነ ትምህርቱ ሦስት ካርድ የተሰጣት ልጅ ምን ልታደርግ ነው? ገና የጀመራት ልጅ ደግሞ ቀኑን እንኳ አታውቀውም። ድንገት ይመጣባታል። «ልውጣ?» ስትል «ለምን?» ትባላለች። ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ብዙዎቹ መናገር አፍረው ይቀመጣሉ፣ ከደወሉ በኋላም ቀሚሳቸው እንዳይታይ ከወንበራቸው አይነሱም። አንዲት ልጅ እንዲህ ሆና ከተቀመጠች በዚያ ሰዓት የተማረችው ነገር የለም።

«የታመመ ካለ የሐኪም ወረቀት ያምጣ» የሚለው ደንብም አለ። ለታወቀ በሽታ ይሠራል። ለምሳሌ ክሮን የሚባለው የአንጀት ብግነት ያለበት ልጅ ወረቀቱን ሊያመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ ደቂቃ አይሰጥም። ግን ወረቀት የሚኖረው የታወቀ በሽታ ነው። ልጆችን የሚይዘው ዓይነት 1 የስኳር በሽታ መጀመሪያ ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ ቶሎ ቶሎ መሽናት ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር በሽንት ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል። ልጁ ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይወጣል። በዚያ ሳምንት እጁ ላይ ወረቀት የለም። ያለው ምልክት ብቻ ነው፤ ምልክቱን የሚያየውም መምህሩ ነው። «ይህ ልጅ በዚህ ሰሞን ውሃ ያበዛል፣ ቶሎ ቶሎም ይወጣል» ብሎ ለወላጅ የደወለ መምህር ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። «ሦስት ካርድህ አልቋል» ያለው ግን ምልክቱን ራሱ ዘጋው።

ለአዋቂ ሠራተኛ ይህን ማንም አይቀበልም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ እ.ኤ.አ. በ1998 በሰጠው ማብራሪያ አሠሪ ሽንት ቤት መሥራቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ሠራተኛው ሲያስፈልገው እንዲጠቀም መፍቀድም እንዳለበት ገልጿል። ትልቅ ፊኛ ያለው አዋቂ ይህ ጥበቃ ሲኖረው የ7 ዓመት ልጅ ለምኖ ሊከለከል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር በጠበቀ መንገድ መከበር አለበት ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ውሃና የንጽሕና አገልግሎትን ሰብዓዊ መብት ብሎ እውቅና ሰጥቷል። በክፍል ጓደኞቹ ፊት ልብሱ ላይ የሸና ልጅ ክብሩ ተጠብቋል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ ከክፍሉ ውጭም ነው

ስለ ፈቃድ ስንከራከር የምንረሳው ነገር አለ፤ ሽንት ቤቱ ራሱ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የስዊድን ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 16 የሆኑ ተማሪዎችን ስለ ትምህርት ቤታቸው ሽንት ቤት ጠይቆ ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ካሉት ውስጥ ሩብ ያህሉ እዚያ ሸንተው እንደማያውቁ ተናገሩ። 80 በመቶዎቹ ደግሞ እዚያ ሰገራ ተቀምጠው አያውቁም። ይህ ሀብታም አገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 698 ሚሊዮን ልጆች ትምህርት ቤታቸው መሠረታዊ የመጸዳጃ አገልግሎት አልነበረውም።

በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ ሰልፍ አለው። መቀርቀሪያው የተሰበረ በር አለ። ትልልቆቹ ልጆች በሩ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ አንዳንድ ልጅ ሆን ብሎ በክፍል ሰዓት ይወጣል፤ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ያ ነውና። ለመምህሩ ማታለል ይመስላል። ልጁ ግን ፈልጎ ያጣው የሚዘጋ በር ነው። መቀርቀሪያ ማስጠገን፣ ሳሙና ማስቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓት አንድ ተረኛ እዚያ አካባቢ ማቆም የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው። እሱ ሳይሠራ የቀረው ነገር ሁሉ እየተንከባለለ መጥቶ ክፍል ውስጥ በአንድ መምህር «አዎ» ወይም «አይ» ላይ ይወድቃል።

ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነገር ከባድ አይደለም። ልጁ አፉን ከፍቶ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ የእጅ ምልክት ይበቃል፤ መምህሩም ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል። አንድ ካርድ በሩ ላይ ይሰቀላል፤ ካርዱ ከሌለ አንድ ሰው ወጥቷል ማለት ነው። የወጣው ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። ከባድ ነጥብ እየተብራራ ከሆነ «ሁለት ደቂቃ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ልጁ «አልችልም» ካለ ይሄዳል። መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ላሉ ትንንሽ ልጆች ግን ይህንንም አልጠይቅም። እነሱ እጃቸውን ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ደቂቃ እንኳ የላቸውም።

ፈቃዱን ያለ አግባብ የሚጠቀመውስ? እሱን ለብቻው መያዝ ነው። መዝገቡ ማን በየትኛው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያሳያል። 20 ደቂቃ የሚቆየውን ጠርቶ ማነጋገር፣ ካስፈለገ ከሰው ጋር እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። እሱም ቢሆን ሽንት ቤት መሄዱ አይቀርበትም። ፈተና ላይም እንዲሁ ነው፤ ተቆጣጣሪ አብሮት ይሄዳል እንጂ ልጁ ወንበሩ ላይ አይታሰርም።

እኔም ለጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁ። በየቀኑ በእኔ ክፍለ ጊዜ፣ ከእረፍት በኋላ ወዲያው፣ እጁን የሚያወጣ አንድ ልጅ ነበር። የእኔን ትምህርት እየሸሸ መሰለኝ። ሁለት ወር ያህል ተቆጣሁት፣ አንዳንዴም ከለከልኩት። አንድ ቀን ክፍሉ ከወጣ በኋላ አስቀርቼ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። በኋላ በእረፍት ሰዓት ትልልቆቹ ልጆች እንደማያስገቡት ነገረኝ። አንድ ጊዜ በሩን ከውጭ ዘግተውበት ነበር።

ለተረኛው መምህር ነገርኩት። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት አንድ ሰው እዚያ እንዲቆም ተደረገ። ልጁ በእኔ ክፍለ ጊዜ መጠየቅ አቆመ። ከእሱ ጋር ሌሎች አራት ልጆችም አቆሙ። እነሱን ጠይቄ አላውቅም ነበር።